ዚነት በልጇ ላይ ስትመሰክር

ዚነት ሐሰን የሟች ሴቶችን ገላ ማጠብ የጀመረችው ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ነው። ሥራውን ከእናቷ ወረሰችው። ከቆቦ ወደ ሮቢት ከሚወስደው አስፋልት ወደ ምሥራቅ ገባ ባለችው መንደራቸው ሙስሊም ሴት ስትሞት መጀመሪያ ሰው የሚላከው እሷ ጋ ነበር። ስትመጣ በሩን ታዘጋለች፤ ከሁለት ሴት በላይ አታስገባም፤ ውሃው ለብ ማለቱን በክርኗ ትለካለች። ከገላው ላይ ያየችውን፣ የዱላ ሰንበርም ይሁን ለባል ያልተነገረ እብጠት፣ ለማንም አትተነፍስም። እናቷ ከውሃ አፈሳሰሱ በፊት ያስተማረቻት ዝም ማለትን ነው። አንድ ጊዜ ሚስቱ የሞተችበት ሰው በገላዋ ላይ ምን እንዳየች አጥብቆ ቢጠይቃት፣ "አጠብኩ እንጂ አላየሁም" ብላ አሰናብታዋለች።

ባሏ በወባ ከሞተ ቆይቷል። ያሳደገችው አንድ ልጇን ካሊድን ነው። የሰው ማሽላ አጭዳ፣ የሰው ጤፍ አርማ፣ ቅቤ ቆቦ ገበያ አውጥታ ቁርኣኑንም ዘመናዊ ትምህርቱንም አስተማረችው። ካሊድ አሥረኛ ክፍል ላይ ቢያቆምም እናቱን የሚያከብር፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ልጅ ነበር። መንደሩም በዚሁ ያውቀዋል።

በመንደሩ ጤና ጣቢያ ሲከፈት ሰላም የምትባል አዋላጅ ነርስ ተመደበች። የቆቦ ልጅ ናት፤ ክርስቲያን፣ ገና ልጅ እግር። ሴቶቹ እቤታችን መውለዱን አንተውም ብለው ሲያስቸግሩ፣ ምጥ የያዛትን ሁሉ እጇን ይዛ ወደ ሰላም የምታደርሰው ዚነት ነበረች። ለምን ብለው ሲጠይቋት፣ "በወሊድ የሞተች ማጠብ ሰልችቶኝ" ትላለች። ሁለቱ እንደ እናትና ልጅ ሆኑ። አንድ ቀን የክትባቱና የመድኃኒቱ ፍሪጅ የክዳኑ ጎማ ተቀዶ ቅዝቃዜው እያመለጠ አስቸገረ። ሰላም ጠጋኝ አጥታ ስትጨነቅ ዚነት ከአረንጓዴ ሻሿ ጫፍ ቀደደች፣ አጣጠፈችና በወፍራም ጥቁር ክር ከጎማው ጋር ሰፋችው። ፍሪጁ እንደገና በደንብ ገጠመ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ዚነት ከሴቶቹና ከሕፃናቱ ጋር ወደ ዞብል ተራራ ወጣች። ካሊድ ከብቱንና ማሽላውን እጠብቃለሁ ብሎ ከወንዶቹ ጋር ቀረ። ከወራት በኋላ ሲመለሱ ጤና ጣቢያው ቆርቆሮው ብቻ ቀርቶ ጠበቃቸው። አልጋው የለም፣ የሕፃናት ሚዛኑ የለም፣ ፍሪጁ የለም። በርና መስኮቱ ከነማጠፊያው ተነቅሏል። ሰው ሁሉ "የታጠቁት ጭነው ወሰዱት" አለ። ግን የታጠቁት የበር ማጠፊያ ምን ያደርግላቸዋል? እያንዳንዱ ይህን በልቡ ያስባል፤ በአፉ የሚያወጣው ግን አልነበረም። አንዱ ወገን ለቆ ሌላው ሳይገባ ሁለት ቀን ያለ ጌታ አልፈው ነበር። የሆነው የሆነው በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው።

የራያ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የሚፈታበት መንገድ አለው። የአገር ሽማግሌዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከሾላው ሥር ተቀምጠው ሕዝቡን ሰበሰቡ። የሽማግሌዎቹ ዋና አባ አላምረው ነበሩ፤ ስንት ደም ያስታረቁ፣ በቃላቸው ብቻ ጠብመንጃ ያስወረዱ ሰው። ክርስቲያኑ በወንጌል፣ ሙስሊሙ በቁርኣን "አልወሰድኩም፣ የወሰደም አላየሁም" ብሎ እንዲምል ተባለ።

ዚነት በልጅነቷ መሐላ አይታለች። አባቷ በአንድ የድንበር ክርክር ለመማል ሲጠራ፣ እውነተኛ ሆኖ እንኳ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም ነበር። በዚያን ቀን ያየችው ግን ሌላ ነው። ሰው የእርዳታ ዱቄት እንደሚቀበል ተሰልፎ፣ እያወራ፣ እየተሳሳቀ እጁን ዘርግቶ ማለ። አንዱ መሐላውን ጨርሶ ሳይርቅ ስልክ አንሥቶ ስለ በሬ ዋጋ ይነጋገር ነበር። ካሊድ ተራው ሲደርስ "ቆይ" አለና ከጀሪካኑ ውሃ ወስዶ ዉዱ አደረገ። እጁን፣ ፊቱን፣ እግሩን ታጠበ። ከዚያ ቁርኣኑ ላይ እጁን ጭኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማለ። ሼሁ ሳይቀሩ "ማሻ አላህ፣ እንዲህ ነው እንጂ" አሉ። ዚነትም ልቧ ሞላ።

ከመቶ በላይ ሰው ማለ። የወሰደ አልተገኘም። አባ አላምረው ከተቀመጡበት ተነሡና "እንግዲህ ከእኛ የለም። ጉዳዩ ተዘጋ" አሉ። ሕዝቡ ተበተነ።

ከዚያ በኋላ በመንደሩ ጸሎት በዛ። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ከዚያ በፊት እንደዚያ ሞልተው አያውቁም። ለአንዱ አዲስ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ለአንዱ አዲስ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ። ካሊድ ሮቢት አስፋልቱ ዳር ሱቅ ከፈተ፤ ለመንገደኛ ውሃና ለስላሳ ይሸጣል። ነጭ ጀለቢያ መልበስ ጀመረ፤ ጁምዓ ጁምዓ ከፊተኛው የሰጋጆች ረድፍ አይጠፋም። ምንጣፉን ከገዙት አንዱ እሱ ነው። ዚነት ሱቁን ለማየት ስትነሣ ግን ሁልጊዜ ምክንያት አያጣም። "ፀሐዩ ያደክምሻል እማ፣ እኔው እመጣ የለ" ይላታል። እሷም የልጇ ደግነት አድርጋ ትቆጥረው ነበር።

ሰላም ወደ ሥራዋ ተመልሳ በተበደረ አልጋ ታዋልዳለች። አዲስ ፍሪጅ ደጋግማ ጠይቃ "ይመጣል" ተብላለች። እስከዚያው መድኃኒቱን በበረዶ ሳጥን ከቆቦ በባጃጅ ታመላልሳለች። የቆላው ሙቀት በረዶ አያስተርፍም፤ በሁለተኛው ቀን ውሃ ይሆናል።

ያን ዓመት ረመዳን የገባው በጠራራው ወቅት ነው። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ሜዳው አቧራ ሆኗል። ካሊድ ከሱቁ በሞተሩ እየመጣ፣ በእርጥብ ጆንያ የጠቀለለው ቀዝቃዛ ውሃ በየቀኑ ከመግሪብ በፊት ለእናቱ ያደርሳል። ዚነት ቀኑን ሙሉ ምላሷ ደርቆ ውላ ጾሟን በዚያ ውሃ ታፈጥራለች። አንድ ጊዜ ተጎንጭታ "አላህ ይባርክልህ፤ የጀነትን ውሃ ያጠጣህ" ትለዋለች። እሱም እጇን ስሞ "አሚን" ይላል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኢልሀም አማጠች። ኢልሀም የአሲያ ልጅ ናት። አሲያ የዚነት የልጅነት ጓደኛ ናት፤ አብረው ውሃ ቀድተው፣ አብረው ተድረው፣ ጎን ለጎን ያረጁ። የኢልሀም ባል በበረሃ ሳዑዲ ከሄደ ስድስት ወሩ ነበር። ዚነት እንደ ልማዷ እጇን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደቻት። ስምንት ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ጮኸች፣ አሲያ እልል አለች። ደሙ ግን አልቆመም።

ሰላም መርፌ ወጋቻት። ጠበቀች። ደገመች። ሆዷን በሁለት እጇ አሸች። ደሙ ከአልጋው ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ደረሰ። አምቡላንስ ቢደወል ሌላ ቀበሌ ወላጅ ሊያመጣ ሄዷል ተባለ። ባጃጅ ተጠርቶ ጫኗት። ኢልሀም ራሷን ዚነት ጭን ላይ አድርጋ "እማ ዚነት፣ በረደኝ" አለች፤ በዚያ ሙቀት። አስፋልቱ ሳይደርሱ አለፈች።

ዚነት ያጠበቻት አሲያ ቤት ነው። አጥባ ስትጨርስ ወደ ውጭ ብትወጣ ሰላም ከግንቡ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች።

"መርፌው ነበረን እኮ፣ እማ ዚነት። ሁለቴ ወግቻታለሁ። ግን ሙቀት አይችልም። ከቆቦ ካመጣሁት አራት ቀኑ ነው፤ ሞቷል። የወጋኋት ውሃ ነው። ያ ፍሪጅ ቢኖር ልጅቱ አትሞትም ነበር።"

በቀብሩ ሼሁ "በወሊድ የሞተች ሸሂድ፣ ሰማዕት ናት" ብለው አጽናኑ፤ ሰውም ከዚያ ወዲያ ለምን ሞተች ብሎ አልጠየቀም። ቃሬዛውን ከፊት ከተሸከሙት አንዱ ካሊድ ነበር። በዚያኑ ዕለት መግሪብ ሲደርስ ውሃውን አምጥቶ ሰጣት። ጠጣች። መረቀችው።

ኢልሀምን የከፈነችበት አቡጀዴ የመጨረሻዋ ስለነበር በአራተኛው ቀን ሌላ ልትገዛ ሮቢት ወጣች። ጨርቁን ገዝታ ስትመለስ ፀሐይ አናቷን መታት። የልጇ ሱቅ ጥላ ውስጥ ልረፍ ብላ ጠይቃ ጠይቃ አገኘችው። ካሊድ ሲያያት ደነገጠ። ያን ጊዜ የደሴ አውቶቡስ ቆሞ መንገደኛው "ቀዝቃዛ! ቀዝቃዛ አለ?" እያለ ከበበው። ካሊድ እናቱን አየት አደረገና፣ ምርጫም ስላልነበረው፣ ጥግ ላይ ያለውን ቀይ ቀለም የተቀባ ሳጥን ክዳን ወደ ላይ አነሣ።

ከክዳኑ ጎማ ዙሪያ አረንጓዴ ጨርቅ ነበር። በጥቁር ወፍራም ክር የተሰፋ።

ዚነት አውቶቡሱ እስኪሄድ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሥታ ክዳኑን ራሷ ከፈተችና ስፌቷን በጣቷ ዳበሰችው።

"ይኼ የማን ነው?"

"ገዝቼው ነው፣ እማ።"

"ካሊድ፣ ይኼን እኔ ነኝ የሰፋሁት።"

ካሊድ የሱቁን በር ገርበብ አደረገ። ላቡ ይወርዳል። "እሺ፣ ስሚኝ። ሰዎቹ ሊመለሱ ነው ተባለ። ጠላት ከሚጭነው ብዬ ነው ያወጣሁት። እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ ወላሂ።"

"ወላሂ አትበል።"

"ከዚያ የሚመልስ ሰው ጠፋ። እኔ ብቻ ብመልስ ሌባው ካሊድ ሊባል ነው? ሁሉም ወስዷል እማ! አልጋውን ማን ወሰደው? የአባ አላምረው የከብት በረት በር ከየት የመጣ መሰለሽ? ሂጂና ቀለሙን ፍቀሽ እይው!"

"ለምን ማልክ?"

"ሁሉም ማለ።"

"ዉዱ አድርገህ?"

ዚነት ጉሮሮዋን በእጇ ያዘች። "ይኼን ውሃ ነው ያስፈጠርከኝ? ኢልሀምን ቀብረን መጥተን፣ እኔ ይኼን ነው የጠጣሁት?"

"እኔ እሷን ልገድል ብዬ ነው?" አለ ካሊድ ድምፁ ተሰብሮ። "አላወቅኩም፣ እማ። ውስጡ የነበረው መርፌ ምን እንደሚሠራ እኔ በምን አውቄ?" ተንበርክኮ ጉልበቷን ያዘ። "ከኢድ በኋላ በሌሊት ወስጄ አስቀምጠዋለሁ። እስከዚያ ዝም በይልኝ። አንድ ልጅሽ ነኝ።"

ዚነት እሺ አለች። እስከ ዛሬ ራሷን የምትከሰው በዚህ "እሺ" ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃውን አልተቀበለችም፤ ግን አልተናገረችም። ኢድ ሲደርስ አሲያ "ብቻዬን አልችልም" ብላ ስለጠራቻት እሷ ዘንድ ሄደች። የኢልሀምን ሕፃን ታቅፋ፣ ከአንድ ትሪ በላች።

ኢድ አለፈ። ሳምንት ሞላ። ጤና ጣቢያው ደጅ ምንም አልተቀመጠም። ዚነት ሮቢት ሄዳ ብታይ ሳጥኑ የነበረበት ጥግ ባዶ ነው። ካሊድ ዓይኗን ሳያይ "ሸጥኩት" አላት። "ዋጃ ለሚኖር ሰው። ከዚህ እንዲጠፋ ብዬ ነው፤ ላንቺም ለኔም ይሻላል።"

ያን ቀን ቤቷ ሳትገባ አባ አላምረው ዘንድ ሄደች። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ሽማግሌው ዘንጋቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ሰሙ። አልደነገጡም።

"ለሌላ ሰው ነግረሻል?"

"አልነገርኩም።"

"አትንገሪ። ዚነት፣ ይህ ሕዝብ ከመተላለቅ ነው የተረፈው። ዛሬ አንድ ሌባ ብትጠሪ እሱ ሌላ ይጠራል፤ ያኛውም ሌላ። ከዚያ ሰው መተኳኮስ ይጀምራል። እኔ ሰላም ነው የምጠብቀው።"

"ኢልሀም ሞታለች፣ አባ።"

"ነፍስ ይማር። እሷን የሚመልሳት የለም።" ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደሞ አንቺ አጣቢ ነሽ። የሰውን ነውር ስትሸፍኚ የኖርሽ ሴት ነሽ። በእርጅናሽ የልጅሽን ገላ ልትገልጪ ነው?"

ዚነት ወደ በረቱ ተመለከተች። በሩ የብረት ነው። አዲስ ቡናማ ቀለም ተቀብቷል፤ ከብቶቹ በታከኩበት በኩል ግን ቀለሙ ተልጦ ሥሩ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። የጤና ጣቢያው በር ሰማያዊ ነበር።

"እኔ የሸፈንኩት የሞተን ሰው ነው፣ አባ" አለች። "የሞተ አይመለስም፣ አይክስም። በቁም ያለውን ግን ምን ብዬ ልሸፍነው?"

ከአሥር ቀን በኋላ የዝናብ ዱዓ ተጠራ። ከሜዳው ላይ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀመጡ። ክርስቲያኖቹም ቄሶቻቸውን ይዘው መጥተው በአንድ ወገን ሆኑ። ካሊድ በነጭ ጀለቢያው ከሼሁ አጠገብ ነበር። ሼሁ እጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ዚነት ከሴቶቹ መካከል ቆመች። አንዷ ቀሚሷን ይዛ ወደታች ጎተተቻት። አልተቀመጠችም።

"ዝናብ ከመለመናችን በፊት የምናገረው አለኝ" አለች። ድምጿ ትንሽ ነበር፤ ግን ሜዳው ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማ። "የጤና ጣቢያውን ፍሪጅ የወሰደው ልጄ ካሊድ ነው። በቁርኣን የማለው በሐሰት ነው። እኔም የረመዳኑን እኩሌታ ከሱ የወጣ ውሃ ስጠጣ ነበር። ኢልሀም የሞተችው በዚያ ፍሪጅ ምክንያት ነው። ካወቅኩ በኋላም ዝም ብያለሁ። ሌላው ምን እንደወሰደ እያንዳንዱ ያውቃል። እኔ የራሴን ተናገርኩ።"

ማንም አልተነሣም። አባ አላምረው መሬት መሬቱን ያያሉ። ካሊድ ፊቱ አመድ መስሎ እንደተቀመጠ ቀረ። የተነሣችው አሲያ ብቻ ናት፤ የልጅ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ወደ ዚነት መጣች። ዚነት ታቅፈኛለች ወይም ትመታኛለች ብላ ነው የጠበቀቻት።

"መቼ አወቅሽ?" አለቻት አሲያ።

"በተቀበረች በአራተኛው ቀን።"

"ኢድን ከእኔ ጋር የበላሽው አውቀሽ ነው?"

"አውቄ ነው።"

"ልጇን ያቀፍሽው?"

ዚነት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አሲያ ነጠላዋን በሕፃኗ ላይ አስተካክላ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። ዞራ አላየችም። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠርገው እጃቸውን አነሡ፤ ሕዝቡም "አሚን" ማለት ጀመረ። ያን ሰሞን ዝናብ አልጣለም።

ነገሩን ሊያጣሩ ከወረዳ ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። የሚመሰክር አላገኙም። "አሮጊቷ ልጇ ስላልጦራት ነው የምትከሰው" ያላቸው ሰው አለ። "ከሐዘን በኋላ ትንሽ ነካ አድርጓታል" ያላቸውም አለ። ሰላም ብቻ የምታውቀውን ተናግራ ፈረመች፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ያከራዩዋት ሰዎች ለልጃችን እንፈልገዋለን ብለው አስለቀቋት፤ አሁን ከቆቦ እየተመላለሰች ነው የምትሠራው። ከተዘረፈው ሁሉ የተመለሰው አንድ ዕቃ ነው። አንድ ጠዋት የሕፃናት ሚዛኑ ከጤና ጣቢያው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ማን እንደመለሰው አይታወቅም።

ዚነትን ለማጠብ የሚጠራት ሰው ቀረ። ሴት ስትሞት ከሮቢት ሌላ አጣቢ ያስመጣሉ። ከኋላዋ "ለልጇ ያልራራች አንጀት የላትም፤ ለእኛማ ምን ትራራለች" እንደሚሉ ሰምታለች። የገዛችው አቡጀዴ ሳይቆረጥ ሳጥኗ ውስጥ ተቀምጧል። አሲያን ውሃ መቅጃው ላይ ታገኛታለች። ሰላምታ ትሰጣታለች፤ አሲያ ጀሪካኗን አንሥታ ትሄዳለች። ዚነት ግን በማግስቱም ሰላምታዋን አትተውም።

ካሊድ ሱቁን ዘጋ። ሦስት ወር ያህል የት እንዳለ አልታወቀም። ከዚያ በማታውቀው ቁጥር ደወለ። ከበስተኋላው ንፋስና የመኪና ድምፅ ይሰማል።

"እማ፣ በጅቡቲ በኩል ልሻገር ነው። ነገ እንነሣለን። መርቂኝ።"

ዚነት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። በባሕሩ ስንት የመንደሩ ልጅ እንደቀረ ታውቃለች። ለነሱ እናቶች ለቅሶ ደርሳለች።

"ፍሪጁን ከአንተ የገዛውን ሰው ስም ንገረኝ" አለችው። "ሰላም ሄዳ ትለምነው፤ ከብቴን ሸጬም ቢሆን ይመለስ። ያን ንገረኝና እመርቅሃለሁ።"

"እማ፣ አሁን ይኼ ጊዜው ነው?"

"ስሙን ብቻ።"

"ልሞት እችላለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

አንድ ሰው በሩቅ ሲጠራው ሰማች። መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ ደወለች፤ ቁጥሩ ዝግ ነበር። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ደወለች።

ይኼው አምስተኛ ወሩን ይዟል፤ ካሊድ ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም። ዚነት በየሶላቷ መጨረሻ ስሙን ትጠራለች፤ ከኢልሀም ስም ቀጥላ። እንድትጽናና ብላ አንዲት ጎረቤት፣ "በዚያ ቀን ብትመርቂው ኖሮ ይሻልሽ ነበር" አለቻት።

"ይሻለኝ ነበር" አለች ዚነት። "ግን ሐሰት ነበር የሚሆነው።"